የሶፋው ዳኛ ይከበር!

የክረምት ኦሎምፒክ በየ4 ዓመቱ ሲመጣ አንድ ታላቅ ባለሙያ አብሮት ይመጣል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስኪ የሚባል ነገር ትዝ ብሎት አያውቅም። ክረምት ሲባል ጭቃና ጃንጥላ የሚታየው ሰው ቢሆንም እንኳ፣ የመክፈቻው ርችት በተተኮሰ በ3ኛው ቀን ስለ በረዶው ጥንካሬ፣ ስለ ጉልበት አስተጣጠፍና ስለ አትሌቷ ወኔ ቡናውን ፉት እያለ ይፈርዳል። ይህ ሰው እስከ ዛሬ ሜዳሊያ አለመሸለሙ ግፍ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፤ በዚያ ላይ ጓንት አይፈልግም።

ብቃቱ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ ነው። ስላሎም በሚባለው የስኪ ውድድር ተወዳዳሪዋ ቁልቁለቱን የምትወርደው በተተከሉ በሮች መካከል እየተጠማዘዘች ነው፤ አንዱን ከሳተች አለቀ፣ በሁለተኛው አጋማሽ እንክሰዋለን ብሎ ነገር የለም። በ18 ዓመቷ በሶቺ ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደችው አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪን ያን ጊዜ በስላሎሙ 5 ሰከንድ ያህል እንደወረደች ከመስመር ወጣች። 5 ሰከንድ ዳኛችን እግሩን አንሥቶ እግሩ ላይ ለመጫን እንኳ አይበቃውም፤ የሰው ነፍስ መርምሮ ለመጨረስ ግን በቃው። ወኔ የላትም፣ ጫና አትችልም፣ ጊዜዋ አልፏል አለ። ሺፍሪን የደረሷትን ስድቦች ራሷ ለሕዝብ አሳይታለች። ጊዜዋ ያለፈባት ሴት በቀጣዩ ወር የዓመቱን አጠቃላይ የስኪ ዓለም ዋንጫ ወሰደች፤ በ2023 ስዊድናዊው ኢንገማር ስቴንማርክ ከ1989 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የ86 ድል ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2025 ደግሞ 100ኛ ድሏን አስመዘገበች። ዳኛችን ይህን ሁሉ አላየም። የዓለም ዋንጫ በረዶ በገባ ቁጥር በየሳምንቱ የሚካሄድ ተራ ነገር ስለሆነ ለእሱ ማዕረግ አይመጥንም።

«ተመልካች እኮ አንዳንዴ ከዳኛ ይበልጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ2002 በሶልትሌክ ሲቲ የጥንዶች ፊገር ስኬቲንግ ወርቁ ለሩሲያውያኑ ሲሰጥ አዳራሹ ተቃወመ፤ ፈረንሳዊቷ ዳኛ ግፊት ተደርጎብኛል ማለቷ ተሰማ፤ ለካናዳውያኑም ሌላ ወርቅ ተሰጠ። እስከ 6.0 የሚቆጠረው አሮጌው የነጥብ አሰጣጥም በዚሁ ሰበብ ተሻረ። እዚህ ላይ ባርኔጣ ማንሣት ይገባል። የሶፋው ዳኛ ግን ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ ወዲህ ያልገባው ነጥብ ሁሉ ሌብነት ነው። ለምሳሌ አንዱ ወድቆ ያልወደቀውን ሲበልጥ «ተዘረፈ!» ብሎ ይነሣል። ስሌቱ ግን የተሰወረ አይደለም። አየር ላይ 4 ጊዜ የሚዞርበት ሉትዝ የተባለው ዝላይ መነሻ ዋጋው 11.5 ነው። ዙሩን ሞልቶ የወደቀ ሰው ግማሹን ያጣል፣ ለውድቀቱ 1 ነጥብ ይቀነስበታል፤ 4.75 ይተርፈዋል። ቀለል ያለው ዝላይ፣ ባለ 3 ዙሩ ቶ ሉፕ፣ ደግሞ መነሻው 4.2 ነው፤ ከወደቀው ያነሰ ማለት ነው። ሕጉን መጥላት ይቻላል፤ ሳያነቡ ሌባ ማለት ግን ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

«እኛ ባናይ ማን ይከፍላቸው ነበር?» የሚልም አለ። ለታክሲ ሂሳብ የከፈለ ሁሉ መሪውን ይጨብጥ እንደ ማለት ነው። ደግሞስ ማን አትዩ አለ? ማድነቅም፣ መበሳጨትም፣ ይህኛው ደስ አላለኝም ማለትም የተመልካች መብት ነው። 10,000 ሜትር ሲሮጥ የአገራችን ሰው ዙር ቆጥሮ፣ ማን መቼ እንደሚያፈተልክ ገምቶ ያያል፤ የሚተቸውም ቢሆን የኖረበትን ነገር ነው። በ130 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በበረዶ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ የሚወርድን የሉጅ ተወዳዳሪ «ፈሪ» ለማለት ግን ቢያንስ በደረቅ መንገድ ላይ በዚያ ፍጥነት መሄድ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበጅ ነበር። ያልተነካ ግልግል ያውቃል።

የሚቀጥለው የክረምት ኦሎምፒክ ሲመጣ ለዳኛችን አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከሜዳሊያው በጣም ርቆ ነው የገባው፤ ስለዚህ በሶፋው ሕግ ዋጋ የለውም። እሱ ግን 15 ኪሎ ሜትሩን በስኪ ጨርሷል። ዳኛችን ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?