ድንጋይን በቁጥር ስለማጥመቅ

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሻገር መንገደኛ በአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ የሚታየውን ገርጣ ያለ ዐለት «የኖራ ድንጋይ» ብሎ ያልፈዋል፤ የሥነ ምድር ሊቅም በጁራሲክ ዘመን ስፍራውን ሸፍኖት ከነበረው ባሕር ሥር የተከማቸ መሆኑን አስረድቶ በዚሁ ይረካል። ሁለቱም ገና ያልተማሩ ናቸው። ድንጋይ ድንበር በተሻገረ ጊዜ ማንነቱን የሚወስንለት ሥነ ምድር ሳይሆን ብራስልስ የሚገኘው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረውና ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የተጣጣመ የሸቀጦች አመዳደብ ሥርዓት ነው፤ ይህም በትራንዚተሮች አነጋገር «ኤችኤስ ኮድ» የሚባለው፣ ለዕቃ ሁሉ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር የሚሰጥና ቀረጡም በዚያው ቁጥር የሚሰላበት የዘመናችን ክርስትና ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ በተለይ በኖራ ድንጋይ ላይ ጎልቶ ይታያል። ድንጋዩ ለሲሚንቶ ወይም ለኖራ መሥሪያ ከተጫነ በአንቀጽ 25.21 ይመዘገባል፤ ለሕንፃ ከተፈለገ ግን አንጻራዊ ክብደቱ ይለካና፣ ማለትም ከነቀዳዳው ተመዝኖ ከእኩል ይዘት ውሃ ጋር ይነጻጸርና፣ 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከእምነ በረድ ጋር በ25.15 ይቀመጣል፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ከግራናይትና ከባዝልት ጋር በ25.16 ይደባለቃል። ከባሕር ወለል የተወለደ ድንጋይ ትንሽ ስለ ቀለለ ብቻ ከእሳት ልጆች ጋር ሥጋ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ የሥነ ምድርን ሊቅ ቢያስደነግጠውም፣ ሚዛን ከሊቅ ይበልጣልና ቅሬታው ተቀባይነት አይኖረውም።

ከዚህ የሚረቀው ደግሞ የማዕዘን ምሥጢር ነው። በመጋዝ ተቆርጦ አራት ማዕዘን የሆነ ሰሌዳ በምዕራፍ 25 እንደ ጨውና እንደ ድኝ ማዕድን ሆኖ ይቆያል፤ ያው መጋዝ ያንኑ ሰሌዳ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ከቆረጠው ግን ወዲያውኑ ወደ ምዕራፍ 68 ተሻግሮ በአንቀጽ 68.02 «የተሠራ የሐውልት ወይም የሕንፃ ድንጋይ» ይሆናል። ስለዚህ የሠለጠነ ሥራ ማለት አንድ ማዕዘን መቀነስ ነው። በዚያው አንቀጽ ውስጥ የንጣፉ ሰፊ ገጽ ጎኑ ከ7 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ካሬ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሌላ ቁጥር አለው፤ ከተወለወለ ወይም ከተቀረጸ ደግሞ እምነ በረድ ለሆነው 6802.91፣ የኖራ ድንጋይ ሆኖ ለቀረው 6802.92 ይሰጠዋል። እምነ በረድ በሥነ ምድር ትርጉሙ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ነጋዴው ግን ሲወለውሉት የሚያበራውን ሁሉ በዚሁ ስም ስለሚጠራው፣ አስመጪው፣ ትራንዚተሩና ፈታሹ አንዲቱን ሰሌዳ ከበው የሚያደርጉት ክርክር የቅባትና የጸጋ ሊቃውንት ቢሰሙት የሚቀኑበት ነው። የመንገድ ንጣፍ ድንጋይም አልተረሳም፤ 68.01 ለእርሱ ብቻ ተመድቦለታል። ዲግሪውን ይዞ ኮብልስቶን የሚጠርበው ወጣት ለራሱ የሥራ መደብ ባያገኝም፣ የጠረበው ድንጋይ መደብ እንዳለው አውቆ ሊጽናና ይገባዋል።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ሥርዓት አንድም ነገር አያመልጠውም ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ራሱ የባዝልት ዐለት በሆነውና ስለዚህም ተነቅሎ ቢጫን 25.16 ላይ ያለ ክርክር በሚመዘገበው በመቅደላ አምባ፣ ምደባው ጥቂት የሚቸገርበት ጉዳይ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፣ አምባውን የያዘው በጄኔራል ናፒየር የተመራ የእንግሊዝ ጦር የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንን ንዋያተ ቅድሳት፣ የብራና መጻሕፍቱንና ታቦታቱን ዘርፎ በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በሆኑ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተከፍቶ፣ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ዋነኛ ተጫራች ሆነ። እዚህ ላይ ሐሜት አያስፈልግም፤ ጉምሩክ አጥብቆ የሚፈልገው «የግብይት ዋጋ»፣ ማለትም ገዢው በእርግጥ የከፈለው ገንዘብ፣ በአደባባይ ተገኝቷል። እርግጥ ሻጩም ገዢውም ከአንድ ጦር ሰፈር ነበሩ፣ የዋጋ ትመና ደንብም ዝምድና ባላቸው ወገኖች መካከል የተደረገን ሽያጭ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ያልተገኘበት ሽያጭ ምን ይባላል የሚለውን ደንቡ ስለማያነሣው እዚህም ማንሣት ነገር መፈለግ ይሆናል። ጭነቱ በዙላ ወደብ ሲወጣ ቁጥር የሰጠው፣ 7 ሴንቲ ሜትሩን የለካ፣ ማዕዘኑን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታትን፣ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተወሰዱትን፣ ራሳቸው የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ በማያዩበት ዝግ ክፍል አኑሯል፤ የ1963 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙ ሕግም እንዳይሰጥ ይከለክለዋል ይባላል። እንበልና ሕጉ ተሽሮ ታቦታቱ ቦሌ ደረሱ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ከኤድንብራ የተመለሰውን አንድ ታቦት ምእመናን በዝማሬ እንደተቀበሉት ሁሉ እነዚህንም ሊቀበሉ ቢወጡ፣ ዲክላራሲዮን ከዝማሬ መቅደሙ ሊዘነጋ አይገባም። ጽላት ከእንጨትም ከእምነ በረድም ይሠራል፤ እንጨት ከሆነ ምዕራፍ 44፣ እምነ በረድ ከሆነ 6802.91፣ ታሪካዊነቱ ከታመነ 97.05፣ ዕድሜው ብቻ ከታየ 97.06 ይጠብቀዋል። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ዕቃው በቀይ መስመር ገብቶ መፈተሽ፣ መገለጥና መለካት አለበት፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከካህናት በቀር ማንም እንዳያየው ታዝዛለች። ታቦት ሸቀጥ አይደለም የሚል ምእመን ይኖር ይሆናል፤ ሥርዓቱ ግን ለሸቀጥ ያልሆነ ነገር ምዕራፍ የለውም። 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊት አገልግሎት ባዶ መተዉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ስለሚገኝ ለድንጋይ አይሆንም።

ብልህ ትራንዚተር ሌሎች ሁለት መንገዶችን ይጠቁማል። የመጀመሪያው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላን ቅርሶች በረዥም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ባቀረበው ሐሳብ መጓዝ ሲሆን፣ በጉምሩክ ቋንቋ ይህ «በጊዜያዊነት የሚገባ ዕቃ» ስለሚሆን ወሎ የራሷን ንብረት መልሳ ለመላክ ዋስትና አስይዛ ትቀበላለች ማለት ነው። ሁለተኛው ቀደም ሲል ከአገር ወጥቶ በነበረበት ሁኔታ የሚመለስ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚሆንበት ድንጋጌ ነው፤ ለዚህም ዕቃው ሲወጣ የተሞላው የወጪ ዲክላራሲዮን ይጠየቃልና፣ የናፒየር ጦር ዙላ ላይ ያስመዘገበበትን ሰነድ ማቅረብ የአመልካቹ ግዴታ ይሆናል። ምደባው አከራካሪ ሆኖ ጥያቄው ወደ ብራስልስ ቢላክ፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰበሰብ መልሱ ቢዘገይ የሚያስገርም አይሆንም፤ ዕቃው እስከዚያው በጉምሩክ መጋዘን ይቆያል፣ የመጋዘን ኪራዩም በሚረከበው ደብር ላይ ይታሰባል።