ሪሲቨራችን ብራዚል ገባ

ዴካችን የሞተው ካሴት እንደጎረሰ ነው። ካሴቱ ደግሞ ከስንቱ ካሴት ተመርጦ የሰርጋችን ሆነ። ሰርጋችን ስልህ ግማሹ ነው፤ ኬኩ ሊቆረስ ቢላዋው ብድግ ሲል ድንገት ሲድኒ ትገባለህ። መስከረም 1993 ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት በ10 ሺህ ሜትር ሲተናነቁ ባዶ ካሴት የሚፈለግበት ጊዜ አልነበረማ! እጄ የገባውን ከትቼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ኃይሌ በ27:18.20፣ ቴርጋት በ27:18.29 ገቡ። ያቺ የመቶኛ ሰከንድ ሽርፍራፊ ናት እንግዲህ ኬካችንን የበላችው። "ምን ይደረግ፣ የአሰላ ልጅ ነው፣ ለኛ ለናዝሬቶች ጎረቤታችን ነው" እያልኩ ብለማመጥም ባለቤቴ እስከ ዛሬ ኃይሌ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ወጥ ልታማስል ትነሳለች።

ጠጋኙ ክዳኑን ፈቶ፣ ሄዱን በአልኮል ጠራርጎ፣ የላላውን ላስቲክ በጣቱ ሳብ አደረገና፣ "ጋሼ፣ ይሄ መለዋወጫ የለውም፤ እርምዎን ያውጡ" አለኝ። አልዋሸም። ከዴክ ሠሪዎች ሁሉ የመጨረሻው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ በፈረንጆቹ 2016 ማምረቱን ትቶታል። እኔ ግን ጠጋኙ ዋጋ ሊያስወድድ መስሎኝ ካሴቱን በጉጠት አስወጥቼ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ ካለ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገባሁ። ልጁ "አካም ቡልተን ጋሼ" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ቴሌቪዥን የሚቀዳ ዴክ ስለው ጓዳ ገብቶ እኔን የሚያህል ስፒከር እያንከባለለ መጣ። በእጅም በአፍም ሳስረዳው ቆይቼ በመጨረሻ የመጽሐፍ ውፍረት እንኳ የሌላት ሪሲቨር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

"ካሴቱ በየት ነው የሚገባው?"

"ካሴት የለም ጋሼ፣ በፍላሽ ነው የምትቀዳው።"

ፍላሹ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። ኢ-180 ካሴት ያን ሁሉ ጎኑን ይዞ 3 ሰዓት ነበር የሚይዘው። ይህቺ 64 ጊጋ ናት፤ ተራ ጥራት ያለው ፕሮግራም በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋ ቢበላ ስንት ቀን እንደምታስቀዳ አንተው አስላው። አላዋቂ እንዳልመስል ደግሞ ከዚህም ከዚያም የለቃቀምኩትን ጥያቄ ደረደርኩ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ አይደል? "ኤችዲ ነው? ኢትዮሳት ይስባል?" ልጁም አላሳፈረኝም። ፍላሹን "ፋት 32" ካደረጉት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም፤ ዘገምተኛ ፍላሽ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፤ አንዱን ጣቢያ እየቀዱ ሌላውን ላያሳይዎ ይችላል። በያንዳንዷ "ገባኝ" አልኩ። የገባኝስ ጋሼ ማለቱ ነው።

ከዚያ የዲሹ ጣጣ መጣ። የኛ ዲሽ ናይልሳትን ብሎ ወደ ምዕራብ እንዳፈጠጠ የኖረ ነው፤ ኢትዮሳት ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ሠራተኛው ጣራ ላይ ዲሹን ያዞራል፣ እኔ ሳሎን ሆኜ "መጣ! ኧረ ሄደ! መለስ አድርገው!" እላለሁ። የናዝሬትን ነፋስ መቼም ታውቀዋለህ። ከከተማው ወጣ ብሎ በ2004 34፣ በ2007 ደግሞ 102 ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው። ሁለቱ ጣቢያ ሲደመር 204 ሜጋ ዋት የሚያወጣ ነፋስ የኔን ዲሽ ቢያሽከረክር ማን ይፈርድበታል? በብሎኬትና በሽቦ ጠፍረን አሰርነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። የጎረቤታችን የእማማ ልጅ ለጥያቄና መልስ ውድድር በቴሌቪዥን ሊቀርብ ሆነ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ። ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ ያን ቀን ወንጂ ሰርግ አለበት። ቡና ላይ ይሄ ሲብሰለሰል ማን "እኔ እቀዳዋለሁ" ያለ ይመስልሃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እማማ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ታይመሩን ከፍቼ፣ ቀኑን መርጬ፣ 2:00 ብዬ ሞልቼ፣ ሙሽራው ራሱ እንደኔ ሳይዘንጥ ሰርጌን ሄድኩ።

በማግስቱ ሳሎናችን ጢም አለ። ቡናው ተፈላ፣ ፈንዲሻው ተነሰነሰ፣ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሪሞቱን ከፍ አድርጌ ተጫንኩ። አንድ ሰውዬ የወገብ ቀበቶ ታጥቆ ጎንበስ ቀና ይላል።

"ልጄ የታለ?" አሉ እማማ።

"ማስታወቂያው ይለቅ፣ አሁን ይመጣል።"

ቀበቶው አላልቅ አለ። ወደፊት ባሳልፈው ሰውዬው ፈጠን ብሎ ከመጎንበስ በቀር ለውጥ የለውም። ሰው አክብሮኝ ዝም ብሎ ያያል። ከወደ ኋላ አንዲት ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ ስልኩን ጻፉልኝ" አሉ። ይህኔ የእማማ የልጅ ልጅ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ተጠግቶ በጆሮዬ፣ "ጋሼ፣ 20:00 ብለው ነው የሞሉት?" አለኝ።

"2:00 ብዬ ነዋ! ማታ 2 ሰዓት አይደል እንዴ?" ይህን ያልኩት በጆሮው አይደለም፤ ሳሎኑ ሰምቷል።

"2:00 በነሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።"

እማማም ሊያጽናኑኝ ብለው፣ "ተዉት፣ ለኔ ልጅ ብሎ ሌሊቱን ሲቀዳ ያደረ ሰው!" አሉ። ሳቁ አጥር ተሻግሮ ተሰማ።

የዴኩ ደግነት እዚህ ላይ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ 12:00፣ 12:00 እያለ ይርገበገባል እንጂ ከራሱ የሚያመጣው ሰዓት የለም። አንተ "አሁን ማታ 2 ነው" ካልከው አሜን ብሎ በሐበሻ አቆጣጠር ያገለግልሃል። ሪሲቨሩ ግን ሰዓቱን ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፤ በግሪንዊች ላይ 3 ደምሮልህ ቁጭ ነው። ብትለምነው አይሰማም።

ልጁ ግን ሪሞቱን ተቀብሎ የሰዓቱ ማስተካከያ ውስጥ ገባና ፕላስ 3 የሚለውን ማይነስ 3 አደረገው። ዓይኔ እያየ ሰዓቱ የኛ ሆነ! ጎህ ሲቀድ፣ እኛ 12 ሰዓት በምንልበት፣ 0:00 ብሎ ቀኑን ይጀምራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት 2:00 ነው፤ ለማታው 12 ጨምረህ 14:00 ትላለህ። "ማን ነው በዚህ ሰዓት የሚኖረው?" ስለው፣ "ብራዚሊያ" አለ።

እንግዲህ ይህን ይዤ አርፌ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞርኩ ብራዚል ማስገባት ጀመርኩ። ጡረታ የወጡት መምህራችን ቤት ስሄድ አልነበሩምና ለልጃቸው ሚስት አስረድቼ ለውጬላቸው ወጣሁ። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት በትክክል ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ማታ 3 ሰዓት የሚተላለፈውን ዘጋቢ ፊልም ለመቅዳት ደንበኛውን 21:00 ሞሉ። እኔ ባስተካከልኩት ሪሲቨር ላይ ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

መምህሩ ጨዋ ሰው ስለሆኑ አልተቆጡኝም። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በር ላይ ካገኙኝ ግን ኮፍያቸውን አንስተው፣ በጠራራው ፀሐይ፣ "እንደምን አመሸህ?" ይሉኛል።