ጎጆ በሁለት ጎማ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለች ትንሽ ተሳቢ ገዝቼ ለካምፕ ላሰናዳት መሆኔን ስናገር ከአበሻ ወገን የደገፈኝ አልነበረም። ባለቤቴ «ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ እንዴ?» አለችኝ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ነገሩን ከሥሩ ያዙት፦ «ልጄ፣ ዱር ለማደር ነው አሜሪካ ድረስ የመጣኸው?» ሜዳ ማደር እኛ ዘንድ የእረኛ፣ የወታደር፣ ቢበዛ የከተራ ምሽት ታቦት አጅቦ የሚያድር ምእመን ነው። ጣሪያ እያለው ገንዘብ ከፍሎ ሜዳ የሚተኛ ሰው ዘመዶቹን ያሳስባል፤ ጠበል የሚጠቁምም አይጠፋም።

ተሳቢዋ ወርዷ 4 ጫማ፣ ርዝመቷ 8 ጫማ ነው። የወለሏ እንጨት በስብሷል፣ ብረቷ ዝጓል፣ ከኋላ መብራቶቿ አንዱ የለም፣ ያለውም አይበራም። ሻጩ ግን «ብዙም አልሠራችም» አለኝ። ዝገቱን አይቼ አመንኩት።

ጎረቤታችን ጋሼ ወጣትነታቸውን ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚፈቱት ብሎን አጥተው ይተክዙ ነበርና ተሳቢዋን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጎማው ነው። ጎማ ጎኑ ላይ የልደት ቀኑን ይዞ ነው የሚዞረው፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የእኛው 2311 ይላል፤ የ2011 ዓመት 23ኛ ሳምንት መሆኑ ነው። «በኛ አቆጣጠር ካነበብነው እኮ ገና ልጅ ነው» አሉ ጋሼ። በእጃቸው ጨመቅ ሲያደርጉት የጎማው ጎን ተሰነጣጠቀ። በሁለቱም አቆጣጠር ሽማግሌ ሆኖ ተገኘና ወለቀ።

ቀጥሎ ኩሽኔታው መጣ። ጋሼ ስለ ኩሽኔታ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የተሳቢ ጎማ ትንሽ ስለሆነ የመኪናው ጎማ አንዴ ሲዞር እሱ ካንዴ በላይ መዞር አለበት፤ ግራሶ ካነሰው ይግላል፣ ሲግል ይነክሳል፣ ሲነክስ ጎማህ ቀድሞህ አውራ ጎዳናው ላይ ሲሄድ ታየዋለህ። አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጠቡት፤ ከዚያ አዲሱን መዳፋቸው ላይ ቆልለው ኩሽኔታውን እየገፉ፣ እንደ ሙሽራ ራስ ቅቤ በወዲህ ገብቶ በወዲያ እስኪወጣ ጠቀጠቁት። ከበረንዳ ሲመለከቱ የነበሩት አማቴ «ይሄ ሰውዬ ሹሩባም ሳይሠራ አይቀር» አሉ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ግን ጋሼ ተቆጡ። የትንንሽ ተሳቢ መብራት አራት ሽቦ ነው፦ ነጩ ማሳ፣ ቡኒው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬንና ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ። ሽቦዎቹን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ደጋግመው ቆጠሩ። «አረንጓዴውም ቢጫውም አለ። ቀዩን ማን ወሰደው?» አሜሪካኖች ቀይ እንዳላስገቡበት ባስረዳቸውም እስከ ዛሬ የተሰረቀ ነው የሚመስላቸው።

ዝገቱ ተፋቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ወለሉ በአዲስ ፕላይውድ ተተካ። ከላይ ሸራ ወጠርኩላት፤ ከኋላ ደግሞ ተስቦ የሚወጣ መሳቢያ ሠርቼ ኩሽና አደረግሁት። ሐሳቤ አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስትና ሦስት ሳህን ነበር። አማቴ መሳቢያውን ስበው አዩት። መለሱት። ቤት ገብተው ረከቦት፣ ጀበና፣ የስኒ ስብስብ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ሰፌድ፣ የሽሮ ባልዲ፣ በርበሬ፣ ቅቤና የእጣን ሙዳይ ይዘው ተመለሱ። «ሙቀጫው ምን ያደርጋል እማማ?» ብል «እንግዳ ቢመጣስ?» አሉኝ። ተራራ ላይ።

እዚህ ላይ ፊዚክስና ባህል ተጋጩ። የዚህች ተሳቢ አቅም ከነራሷ ክብደት 2,000 ፓውንድ፣ ወደ 900 ኪሎ ነውና ሙቀጫውን መሸከም አያቅታትም፤ ጣጣው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ፊት፣ የመኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢዋ ፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ ትወዛወዝና መኪናውንም ይዛው ትዞራለች። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጥተን የፊቷን ጫፍ ጫንንበት። ከነጭነቷ 900 ፓውንድ ያህል ስለምትመዝን ቢያንስ 90 ማሳየት ሲገባት 40 ላይ ቀረች። የአማቴ ኩሽና ኋላ ተቀምጦ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንስቷታል።

«ሙቀጫው ይቅር» አልኩ።

«ከፊት ከጎደለማ እኔ እቀመጥበታለሁ» አሉ አማቴ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ ሰው በተሳቢ ላይ መጫን ክልክል መሆኑን ነገርናቸው። ጋሼ ሽማግሌ ሆነው ገቡና ሙቀጫው፣ ውኃውና የሽሮው ባልዲ ወደ ፊት ተዛወሩ። ሰፌዱ ኋላ ቀረ፤ ሰፌድ ማንንም አይጎዳም።

ከፍሮንት ሮያል በኩል ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ተራራው ጫፍ ላይ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። አማቴ «መኪናው አሞታል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ተሳቢዋ ግን ቀጥ ብላ ተከተለች፤ ፍሬቻዋም ያለ ቀይ ሽቦ በራ።

ቢግ ሜዶውስ ሰፍረን፣ ቡናው በጋዝ ምድጃ ተፈልቶ፣ እጣኑ ሲጨስ የፓርኩ ጠባቂ መጣች። ፓርኩ ጥቁር ድብ አለበትና ማታ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ መኪና ውስጥ መቆለፍ አለበት፤ ሸራ ድብን አያግድም አለችን። ዕቃችንን አንድ በአንድ አየች። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ቡናው፣ እጣኑ፣ ሳሙናው፣ ሽሮው። ያን ሁሉ ሰሞን በሚዛን የደለደልነው ጭነት በሩብ ሰዓት ተራግፎ መኪናው ውስጥ ገባ። ተሳቢዋ ላይ የቀሩት ሰፌዱና ሙቀጫው ናቸው።

አማቴ ነገሩን ሲያሰላስሉ ቆዩና «ሽሮው ተቆልፎ እኛ ሸራ ሥር?» አሉ። «ድቡ እኛን አያሸተንም?»

ጠባቂዋ ድብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው እንደሚሸሽ ለማስረዳት ሞከረች፤ እኔም ተረጎምኩ። አማቴ በትዕግሥት ሰምተው፣ አመስግነው፣ ትራሳቸውን ይዘው ከሽሮው ጎን መኪናው ውስጥ ገቡና ከውስጥ ቆለፉት። ቡናም፣ ስኳርም፣ ጀበናም እሳቸው ዘንድ ነው። ጠዋት መላው ቤተሰብ በብርድ እጁን እያሻሸ መስኮቱ ሥር ተሰለፈ። ባለቤቴ መስታወቱን ቀስ ብላ ብታንኳኳ ጣት በምታህል ቀዳዳ ድምፅ መጣ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር።»