የሊኑክስ ፔንግዊን ደጅ ጥናት

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ልጭን ነው ብሎ ሰው ፊት መናገር ሆዴን አመመኝ እንደ ማለት ነው፤ መድኃኒት የማያዝ የለም። የሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ አንዱ ኡቡንቱ ይላል፣ ሌላው ዴቢያን። ፂሙን ያሳደገው ደግሞ አርችን በእጁ ያልጫነ ኮምፒውተር ነካሁ አይበል ባይ ነው።

እኔን ደጅ ያስጠናኝ ላፕቶፔ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ላፕቶፔ ደግሞ የለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ።

«ጋሼ፣ ፌዶራ ነው እንጂ!» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ። የፌዶራ አንዱ እትም የሚደገፈው ለ13 ወር ግድም ነው። አሥራ ሦስት ወር ለእኛ ድፍን ዓመት ነው፤ ቢሆንም በየዓመቱ ያን ሁሉ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ማን ያወርዳል? ልጁ ዳታ የሚሞላለት አባቱ ነው።

ሌላ ጫንኩ፤ ስሙ ይቆየን። ሲያምር! ዋይፋይ ግን የለም። ዋይፋዩ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ድራይቨሩ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፣ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዋይፋይ። ከዚህ አዙሪት ያወጣኝ ስልኬ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ ኢንተርኔቱን አጋራሁት። ከዚያ ደግሞ አማርኛው። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የጻፍኳቸው ፋይሎች የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆነው ተከፈቱ። ይህን እንኳ በሊኑክስ ማላከክ ግፍ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ዊንዶውስም ያው ነው።

ለመጻፍ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል መጫን ይበቃል። ከዚያ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛ ሴራን መምረጥ ነው፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተሉ ሲነኩ «ሰላም» ይመጣል። ይህን የነገረኝ መካሪ አልነበረም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነትና ስለ መልክ ነው።

አሁን የምጽፈው በሚንት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል ገጽታ፤ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ሚንት 22 እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ እስከ 2029 ይደገፋል። ሚንት የተሠራው በኡቡንቱ ላይ ነው፣ ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ1993 በተጀመረው በዴቢያን ላይ። ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉኝ መካሪዎቼ የሚጣሉት በአባትና በልጅ መካከል ነበር ማለት ነው!

እናንተም ልትጭኑ ካሰባችሁ፣ ዲስካችሁን ሳትነኩ መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሡት። ዋይፋዩን ያዙበት፣ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ሁለቱንም ከቻለ ጫኑት፤ ካልቻለ ሌላ ሞክሩ።