የፔቱኒያ ዘሪዎች እሮሮ

ሱፍ አበባ የሚዘራ ሰው ጣቱን አፈር ውስጥ ሰክቶ፣ ፍሬውን ጥሎ፣ አፈር መልሶበት ይሄዳል። አደይ አበባማ ማንም ሳይዘራው መስከረም ላይ መስኩን ይሞላዋል። ፔቱኒያን ከዘር የምናበቅል ሰዎች ግን አበሳችን የሚጀምረው ገና ፓኬቱን ስንከፍት ነው።

ዘሩን አይታችሁታል? አንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ፍሬ ይገባል። ትንፋሽ ይበትነዋል፤ ላብ ያለው ጣት ላይ ይለጠፋል፤ የፓኬቱ ጥግ ገብቶ አልወጣም ይላል። ከአሸዋ ጋር ደባልቀን እንዘራዋለን፤ አሁንም በአንድ በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል፣ በሌላው በኩል ባዶ ይቀራል። አፈር ብናለብሰው አይበቅልም፣ ብርሃን ይፈልጋልና። ባናለብሰው ይደርቃል። ከላይ ውሃ ብናፈስበት ታጥቦ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን አፈሩ ከሥር እስኪስብ እንጠብቃለን። ላስቲክ እናለብሳለን፣ ጠዋት እንገልጣለን፣ ማታ መልሰን እንሸፍናለን። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው።

ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። ዘሩ የሚስማማው ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይህን ካገኘ በ10 ቀን ገደማ ብቅ ይላል። የአዲስ አበባ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። ሞቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ፍሪጅ አናት ላይ እናስቀምጠዋለን፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ይቀዘቅዛል፣ ዘሩም ይቆያል።

ከሁሉ የሚያናድደው የፓኬቱ ምክር ነው። ‹‹ከመጨረሻው ውርጭ 10 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ዝሩ›› ይላል። የማን ውርጭ? የኛ ውርጭ የሚመጣው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የኛን ዓመት የሚከፍለው ዝናብ እንጂ ውርጭ አይደለም። ስለዚህ ስሌቱን ራሳችን እንሠራለን። ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ግንቦት መጨረሻ ላይ መዝራት ግድ ነው። ግንቦት የተዘራ ችግኝ ደግሞ የልጅነት ጊዜው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይውላል። ፀሐይ የለም፣ እርጥበቱ አይለቅም፣ ውሃ ያዘለው አፈር አይጠፈጥፍም። ሁላችንም የምናውቀው መርዶ የሚመጣው ያኔ ነው፦ ማታ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያደረ ችግኝ፣ ጠዋት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ተጋድሞ ይገኛል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ አጠገቡ ያለው፣ ከነገ ወዲያ ጥጉ በሙሉ።

ይህን በሽታ የሚያመጣው ሻጋታ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ንጹሕ አፈር ነው ይባላል። ንጹሕ አፈር ከየት ይምጣ? በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ የሚሸጡልን ሰዎች አፈሩን ከየት እንደዛቁት አይናገሩም። ስንገለብጠው ፌስታል ይወጣል፣ የሰርዶ ሥር ይወጣል፣ የጠርሙስ ስባሪ ይወጣል። እንነፋዋለን፣ የፈላ ውሃ እናፈስበታለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ፀሐይ ካለ።

እኔን ብትጠይቁኝ መስከረም ላይ መዝራት ይሻላል። የበጋው የውሃ ጣጣ ከክረምቱ ሻጋታ ይቀላል፤ ለገናም አበባ ይደርሳል። የእንቁጣጣሽ ጉጉት ግን አያስቀምጠንም።

ዓይነቱን ማወቅም ፈተና ነው። ትልልቅ የሚያብበው ፔቱኒያ በአንድ ዶፍ እንደ እርጥብ ሶፍት ተጣብቆ ይቀራል፤ ዝናብ የሚችለው ትንንሽ አበባ እያበዛ የሚያወጣው ነው። ለመደብ የሚሆነው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለቅርጫት የሚሆነው ተንጠልጥሎ ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተሸለመው ‹‹ፐርፕል ዌቭ›› ከዘር ይበቅላል፣ አንዱ ተክል ብቻውን አንድ ሜትር ያህል ይዘረጋል። እኛ ግን ሱቅ ሄደን ‹‹የሚንጠለጠል ነው የሚቆም?›› ብለን ስንጠይቅ ‹‹ያው አበባ ነው፣ እትዬ›› እንባላለን። ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ከበረንዳ የሚወርድ ሐምራዊ ነው። ሦስት ወር አሳድገን ቅርጫት ውስጥ ስንሰቅለው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ታዲያ ለምን ከራሳችን አበባ ዘር አንለቅምም? እንለቅማለን እንጂ። ግን ፓኬቱ ላይ ‹‹ኤፍ 1›› የሚል ካለ የተዳቀለ ነው፤ ልጁ እናቱን አይመስልም። የዛሬው ፔቱኒያ የተገኘው ከደቡብ አሜሪካ አንድ ነጭና አንድ ሐምራዊ የዱር አበባ ነው። ስለዚህ ዘሩን ከቀይ አበባ ብንለቅምም ወደ አያቶቹ ቀለም ያደላ፣ ቁመቱም የተዘበራረቀ ይበቅልልናል። አበባው ድርብ የሆነው ደግሞ ዘር መያዙም ያጠራጥራል።

በአገራችን እርሻዎች ሥር ያላወጣ የአበባ ቁርጥራጭ እየተቀነጠበ በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል፤ እዚያ ሥር አውጥቶ በሰው በረንዳ ላይ ይንጠለጠላል። እዚሁ ያለን ሰዎች አንዲት ስሟ የታወቀ ፓኬት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን።

ካበበም በኋላ እረፍት የለም። የጠወለገውን አበባ ከሥሩ ካለችው አረንጓዴ ፍሬ ጋር ካልቀነጠብነው ዘር ማፍራት ይጀምርና ማበቡን ይቀንሳል። ግንዱ ሙጫ ስላለው ጣታችን ይጣበቃል። ቅርጫት ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ በየቀኑ ውሃ ይላል፤ ስናጠጣው ታች ቤት የተሰጣ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፣ በዚያም እንወቀሳለን።

ይህን ሁሉ የምንችለው ስለምንወደው ነው። ሲያብብ አጥሩን፣ ደጁን፣ ግማሹ ተቆርጦ የተንጠለጠለውን የዘይት ጀሪካን ሳይቀር ያሳምረዋል።

እናንተ ዘር የምትሸጡ ወገኖቻችን፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ፓኬቱ ላይ የዓይነቱን ስም፣ የታሸገበትን ዓመት፣ የሚቆም ወይም የሚንጠለጠል መሆኑን፣ ኤፍ 1 ከሆነም ኤፍ 1 መሆኑን ጻፉልን። ሌላውን እኛ እንችለዋለን።