የኤረር አንድምታ፦ ሲስተም ታድሶ ኮድ እምቢ ሲል

ማታ ኮምፒውተሩ ታደሰ፤ ኮዱን የነካው የለም። ጠዋት ኮምፓይለሩ ተርሚናሉን በቀይ ጽሑፍ ሞላው። ይህ ነገር ከአዲስ አበባ እስከ ደሃና አምደወርቅ፣ ላፕቶፕ ባለበት ሁሉ የሚያጋጥም በመሆኑ በወጉ መመርመር አለበት።

ባለጉዳዩ በመጀመሪያ የሚናገረው «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለውን ነው። ንግግሩ እውነት ነው። ለኮምፓይለሩ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጀማሪ ኤረርን ከታች ያነባል፤ ስክሪኑ የሚቆመው እዚያ ነውና። የበቃው ወደ ላይ ይወጣና የመጀመሪያዋን መስመር ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ የቀሩት የእሷ ልጆች ናቸው። ንባቡ ከተገኘ ትርጓሜው በቤተ ክህነት ሥርዓት ይቀጥላል።

አንድም፦ የሚፈለገው ፋይል አለ፤ ቤት ቀይሯል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቪ የተባለውን የማክ ሲስተም ሲያወጣ የሲ ቋንቋ ሄደር ፋይሎች ከኖሩበት ዩኤስአር ኢንክሉድ ፎልደር ለቀው ኤስዲኬ ውስጥ ገቡ። በአድራሻቸው የሚያውቃቸው የድሮ ኮድ ሄዶ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አላገኘም። የማክ ሰዎች ሲስተም ባደሱ ቁጥር ኮማንድ ላይን ቱልስን እንደገና የሚጭኑትም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው።

አንድም፦ ተፈላጊው ተሰናብቷል። በ2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የመጣው ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስ የተባለውን የፓኬጅ መሣሪያ ከቤት አስወጥቷል፤ አንዳንድ የድሮ ፓኬጆች ግን ዛሬም በስሙ ይጣራሉ።

አንድም፦ ጥፋቱ የቆየ ነው፤ የመጣው ቁጣው ነው። ሳያስተዋውቁ ፈንክሽን መጥራት ከሲ ቋንቋ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ግን ነገሩን በዋርኒንግ እያለፈ 25 ዓመት ታገሠ። በ2024፣ በ14ኛው እትም፣ ትዕግሥቱ አለቀ። ኡቡንቱ 24.10ን የጫነ ሰው የሩብ ምዕተ ዓመቱን ቁጣ በአንድ ጠዋት ይቀበላል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለችው አንዲት የኢንክሉድ መስመር ናት።

ከሦስቱም የተለየ፣ በሀገራችን ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ትምህርት አለ፤ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ኤረሩን ከነኮዱ ያጠፋዋል። ባለቤቱ ኮዱን በፍላሽ አስቀምጦ ከሆነ ግን አዲሱ ሲስተም እንደገና ስለሚጫን ኤረሩም አብሮ ይመለሳል።

ደሃና ያለችበት የዋግ ኽምራ ተመራማሪ ሌላም ችግር አለበት፤ አብዛኛው መድኃኒት «አውርድ» ብሎ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከላፕቶፑ ውጭ ያለ መድኃኒት ሁሉ ከብዙ ሰው እጅ ራቀ። ስለዚህ ጠንቃቃው ሲስተሙን ከማደሱ በፊት የሚያስፈልገውን አውርዶ በፍላሽ ይይዛል፤ የድሮውን ኮምፓይለርም ከአዲሱ ጎን ያኖራል።

ይህን ሳያደርግ ላደሰ ሰው ጂሲሲ 14 ራሱ «ፐርሚሲቭ» የሚባል ማዘዣ አስቀምጧል። ይህ ማዘዣ ሲጨመር ያ ሦስተኛው ኤረር ወደ ቀድሞው ዋርኒንግነቱ ይመለሳል። ስህተቱ ባለበት ይቆያል፤ ኮዱ ኮምፓይለሩን ያልፋል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ጥናቱ ለደሃና ሁኔታ ይህንን መርጧል።