መቀመጫ እንዴት ይታጣል

በክፍለ ሀገር አውቶቡስ ላይ መቀመጫ ማጣት የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘዴ አለው፣ ቅደም ተከተልም አለው፤ ጠንቅቆ የያዘው ሰው አይስተውም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ በአንድ የፈጸመው ተጓዥ ሻንጣውን እንደያዘ መናኸሪያው በር ላይ ይቀራል። የምጽፈው ግን ለቀልድ አይደለም። በየበዓሉ ዋዜማ እዚያ በር ላይ የሚቀሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፣ የሚቀሩበትም ምክንያት ያናድደኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ በዓሉ ደጅዎ እስኪደርስ ይጠብቁ። መስቀልን ጉራጌ አገር ለማክበር ካሰቡ እስከ መስከረም 15 ማታ ስለ ትኬት አያንሱ። ደመራው መስከረም 16 ነው፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ ግማሹ ሱቁን ዘግቶ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጥምቀትን ጎንደር ማሳለፍ ከፈለጉም ጥር 10 ከተራ መሆኑን ይርሱት። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይዋላል። ጥር 10 የሚነሳ ሰው ታቦታቱ ሲወርዱ ገና መንገድ ላይ ነው። ላሊበላን ለገና፣ ቁልቢን ለታኅሣሥ 19፣ ግሸንን ለመስከረም 21 ያሰበም እንዲሁ ያድርግ። እነዚህ በዓላት በየዓመቱ ቀናቸው የታወቀ ነው፤ በድንገት የመጡበት ተጓዥ የለም። ይህን እያወቁ እስከ ዋዜማ መቆየት መቀመጫ ለማጣት ከሁሉ የሚያስተማምነው መንገድ ነው።

ለምን እንደሆነ መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ የሚናደዱ ሰዎች ቁጣቸውን ረዳቱ ላይ ብቻ ያወርዱታልና። በዓል ሲደርስ ሕዝቡ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ጥር 8 ቀን ወደ ጎንደር ጢም ብሎ የወጣ አውቶቡስ በማግስቱ ባዶውን ይመለሳል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባለንብረቱ ባዶ የመጣበትን ነዳጅ ሞልቶ ከሄደበት መንገድ ማውጣት ይፈልጋል፤ ታሪፉ ግን በዓል ነው ተብሎ ከፍ አይልም። በዚህ ክፍተት መሀል ደላላው ይገባል። ከሳምንት በፊት ትኬቱን የቆረጠ ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በዋዜማው የመጣው ግን መሀሉ ላይ ወድቋል።

እንግዲህ ወደ ደላላው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ምክር ያስፈልጋል። ትኬትዎን ከመስኮት አይግዙ። ከበሩ ውጭ፣ ከታክሲ ገና ሳይወርዱ የሻንጣዎን እጀታ ለሚይዝልዎ ሰው ራስዎን ይስጡ። «ወዴት ነው? ባሕር ዳር? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ይልዎታል፤ ይመኑት። ወደ አውቶቡሱ ቢያሳይዎና ሰው ሞልቶ ቢያዩ፣ የተቀመጡት ሁሉ ተጓዦች መሆናቸውን አይጠራጠሩ። ገንዘቡን አስቀድመው ይቁጠሩለት። ስሙን አይጠይቁ፣ የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ እንደሆነ አይጠይቁ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ መኖሩን አይመልከቱ። ቁራጭ ወረቀት ከሰጠዎ ሳያነቡ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት።

ወረቀቱ ላይ ሊኖሩ የሚገቡትን ነገሮች ልዘርዝር፤ እንዳያዩዋቸው ይጠንቀቁ። የድርጅቱ ስምና ማኅተም፣ የተጓዡ ሙሉ ስም፣ መነሻና መድረሻ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የመቀመጫ ቁጥር፣ የተከፈለው ብር። እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት ድርጅቶች ትኬቱን ከቀናት አስቀድመው፣ ስምና የመቀመጫ ቁጥር ጽፈው ይሸጣሉ። በመናኸሪያ በሚስተናገዱት መደበኛ አውቶቡሶች ግን በብዙ መስመሮች ላይ ትኬት የሚቆረጠው በዋዜማው ወይም በዚያው ማለዳ ነው። ሁለቱን ሳይለይ «የሳምንት ትኬት አለኝ» እያለ የሚሸጥልዎ ሰው በመናኸሪያው በር ላይ ካገኙ፣ መቀመጫ የማጣት ጉዞዎ ተቃንቷል።

የመቀመጫ ቁጥር የሌለው ትኬት ምን እንደሚያመጣ የሚታወቀው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ይቆማል። ሁለቱም ከፍለዋል፤ ሁለቱም ወረቀት አላቸው። ቀድሞ የተቀመጠው አይነሳም። ረዳቱ «ሁላችሁም ትሄዳላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ግቡ» ይላል፤ የዘገየውን ደግሞ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ ያቀርብለታል። ትርፍ ሆኖ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የዓባይን በረሃ መውረድ መቀመጫ ማግኘት አይባልም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር በርጩማ ላይ ያለው ሰው የሚደገፈው ነገር የለውም። አደጋ ሲደርስ መተላለፊያው በሰውና በዕቃ ስለተዘጋ ከኋላ ያሉትም መውጣት አይችሉም። ለዚህ ነው ትርፍ መጫን የተከለከለው። «ልጄ ስለታመመ ነው፣ በበርጩማም ቢሆን ልሂድ» ብሎ የሚለምን ሰው ልመናው ቢገባኝም፣ የሚጭነው ሹፌር ግን ውለታ እየዋለ አይመስለኝም።

ከታሪፍ በላይ ሲጠየቁ ደግሞ ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ታሪፉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቢያዩም እንዳላዩ ይለፉ። ይህ ምክር የእርስዎን መቀመጫ አያሳጣም፤ ምናልባትም ያስገኝልዎታል። የሚያሳጣው የሌላ ሰው ነው። ለሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ መጥተው የሚመለሱ እናት ያስቡ። ለመመለሻ የያዙት ብር ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሯል፤ የተቋጠረውም በታሪፉ ልክ ነው። መስኮቱ ላይ ሲደርሱ «አልቋል» ይባላሉ። በር ላይ ግን የዚያው አውቶቡስ ወንበር በጭማሪ ይሸጣል። እርስዎ ለጊዜዎ ብለው የጨመሩት ገንዘብ ለእርሳቸው በማያውቁት ከተማ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ነው። አቅም ያለው ሰው ዝም ብሎ በከፈለ ቁጥር የተለጠፈው ታሪፍ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቅሬታ አያቅርቡ፤ የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ቢሮ የት እንደሆነ አይጠይቁ፤ የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቁጥር አይጻፉ፤ ደረሰኙ ላይ እውነተኛው ብር እንዲጻፍ አይጠይቁ። እነዚህ አራት ነገሮች ሲደረጉ ረዳቶች ዋጋ ሲያስተካክሉና ገንዘብ ሲመልሱ ይታያል። ሁልጊዜ አይሠራም። ሳይሞክሩት መተው ግን በጭራሽ አይሠራም።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶቻችን የተለየ ምክር አለኝ። ትኬቱ ላይ «11:00» የሚል ቢያዩ፣ እንደ ዋሽንግተን ወይም እንደ ዱባይ ሰዓት ቆጥረው አርፍደው ይምጡ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ከመምሸቱ በፊት እንዲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ይህም በውጭው አቆጣጠር 5 ሰዓት ነው። በውጭው 11 ሰዓት መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል፤ የባሕር ዳሩ ከሆነ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቷል። ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። የስልክ መልእክት «5:00» ብሎ ሲጽፍ፣ አገር ቤት ያለው ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው ብሎ ቁርሱን በልቶ ይመጣል።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ጥር 11 በአኃዝ ሲጻፍ 11/5 ይሆናል፤ በውጭ አቆጣጠር የለመደ ዓይን ግን ግንቦትን ወይም ኅዳርን ያነብበታል። ከዚህም የባሰ አለ። «ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት» ሲባል ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? አይጠይቁ። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ትኬት ቆርጦ ሌላው የሚጓዝ ከሆነ፣ ይህን ሳያጣሩ በስልክ ይነጋገሩና አንድ ቀን ሙሉ ዘግይተው ይድረሱ። እባካችሁ ትኬት ሻጮች፣ ወረቀቱ ላይ «ለሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉ። አንዲት ቃል ናት፤ ስንት ቤተሰብ ከእንግልት ታድናለች።

ስሙም በቤት ስም ይጻፍ። መታወቂያው ላይ ወለተ ማርያም፣ ትኬቱ ላይ ቱቱ ይሁን፤ የትኬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ክርክር ሲነሳ የሚያስረዳልዎ ሰው አይኖርም።

በስልክ የሚከፍሉ ከሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ብዙ ሰልፍ አቃሏል። እርስዎ ግን የክፍያ ማረጋገጫ መልእክቱን ይሰርዙት፣ የግብይቱን ቁጥር ወረቀት ላይ አይጻፉት፣ ስልክዎንም ሌሊቱን ቻርጅ ሳያደርጉ ይደሩ። ገንዘቡ ወደ ግለሰብ ስልክ ነው ወይስ ወደ ድርጅቱ የሄደው የሚለውንም አያጣሩ። ወደ ግለሰብ ቁጥር የተላከ ብር የትኬት ግዢ ሳይሆን ስጦታ ሆኖ ይቀራል።

መናኸሪያውንም አይጠይቁ፤ ሁሉም ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ይነሳል ብለው ይሂዱ። ላምበረት በከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ቃሊቲ በደቡብ፣ አየር ጤና በደቡብ ምዕራብ፣ አስኮ በሰሜን ምዕራብ መውጫ ላይ መሆናቸውን፣ ትልልቆቹ ድርጅቶችም የራሳቸው መነሻ እንዳላቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወቁት። በዚያ ሰዓት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው፤ የተገኘውም የጠራውን ዋጋ ይቀበላል። ዕቃዎንም አስቀድመው አያስመዝኑ፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይዘው በመጨረሻዋ ደቂቃ ይድረሱና ስለ ጭነት ዋጋ ሲከራከሩ ወንበርዎ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ።

ከመካከለኛ ከተማ የሚሳፈሩት ሰዎች ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል፤ ስለ እነርሱ የሚናገር ጥቂት ነውና። ደብረ ማርቆስ ሆነው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መሄድ ከፈለጉ፣ አስፋልት ዳር ይቁሙና የአዲስ አበባውን አውቶቡስ በእጅ ያስቁሙ። ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ የሚያቆምልዎም ትርፍ ሊጭንዎ ነው። በመንገድ ላይ የሚሳፈር ሰው ትኬት፣ ታሪፍ፣ ተቆጣጣሪም የለውም፤ የሚከፍለው ረዳቱ የጠራውን ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ ቢሆንም አለ። ከከተማው መናኸሪያ እዚያው በሚነሳ መኪና መሄድ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ደግሞ ትኬቱን ከመነሻው አስቆርጦ፣ የሙሉውን መንገድ ከፍሎ፣ «ደብረ ማርቆስ የሚሳፈር አለ» ተብሎ ወንበሩ እንዲያዝለት ያደርጋል። ላልተጓዙበት 300 ኪሎ ሜትር መክፈል ተገቢ አይደለም፤ ድርጅቶች ለመካከለኛ ከተሞች ጥቂት ወንበሮችን ቢመድቡ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። እስከዚያው ድረስ ግን ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ክፍያው ከበርጩማው ይሻላል።

የመንገዱን ሁኔታም ሳይጠይቁ ይቁረጡ። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ፣ ወይስ ቀን ይቀየርልዎ እንደሆነ ሻጩን አይጠይቁ። በተለይ ቀን ለመቀየር ስንት ሰዓት አስቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ አይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ትኬቱን የሚያጣው መሄድ እንደማይችል እያወቀ በሰዓቱ ሳይናገር በመቅረቱ ነው። ያ ወንበር ባዶውን ወይም በደላላ እጅ ይሄዳል፤ መስኮቱ ላይ «አልቋል» የተባለችው ተማሪ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ የመግቢያ ቀኗ ያልፋል።

በመጨረሻ፣ ስለ መመለሻው ጨርሶ አያስቡ። ጎንደር ወይም ሐዋሳ እንደደረሱ ከአውቶቡሱ ወርደው በቀጥታ ወደ ዘመድ ቤት ይሂዱ፤ የመመለሻ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቢሆንም አይቅረቡት። በዓሉ ካለፈ በማግስቱ ከእርስዎ ጋር የመጣው ሕዝብ ሁሉ ያንኑ መንገድ ይመለሳል፤ ሰኞ ሥራ የሚገባው ሁሉ እሑድ ወንበር ይፈልጋል። በሄዱበት ቀን የመመለሻ ትኬት ቆርጠው ከነበረ ግን ይህን ምክር እስካሁን ያነበቡት በከንቱ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ሊመለሱ ይችላሉ፣ ወንበርዎም 14 ቁጥር በመስኮት በኩል ነው።